ተራራ ይሄዳል ያለን የሞጣ ሰው

ወደዚህ ጠጋ በሉ እስቲ። አንቺም እዚያ በሩ ላይ አትቀመጪ፣ ነፋሱ በዚያ በኩል ነው የሚገባው። ጥር ነው እንግዲህ። የቢቸናን ጥር የምታውቁት ታውቁታላችሁ፤ ለማታውቁት ባጭሩ ልንገራችሁ፦ ጠዋት ፀሐይ፣ ቀን ነፋስ፣ ከዚያ ሠርግ። ጤፉ ተወቅቶ፣ ጭዱ ተከምሮ የሰዉ እጅ ሲፈታ አፉም አብሮ ይፈታል። ሽማግሌ ይላካል፣ ሽማግሌ ይመለሳል፣ ያገባችው ትታማለች። ያላገባችው የባሰ ትታማለች።

የኛ ሰው የሚያምነውና የሚጠረጥረው ነገር መቼም ለኔ ገብቶኝ አያውቅም። «ያልጠረጠረ ተመነጠረ» እየተባልን ነው ያደግነው። ቅቤ ስንገዛ ስንጥር ሰክተን እናሸታለን። ዶሮ ስንገዛ ደረቷን ጨብጠን ሥጋዋን እንለካለን። በሬ ስንገዛማ አፉን ፈልቅቀን ጥርሱን እናያለን፣ እናስኬደዋለን፣ እንመልሰዋለን፣ ባለቤቱ ተሰላችቶ ገመዱን ይዞ ሊሄድ እስኪል ድረስ። ለልጃችን ባል ስንፈልግ ግን ምኑን እንደምንጨብጥ ግራ ይገባናል። አፉን ፈልቅቆ ማየት ነውር ነው። ስለዚህ አያቱን እንጠይቃለን።

አትሳቁ። አያቱን ነው የምንጠይቀው። የአባቱን አባት፣ የእናቱን እናት፣ እስከ ሰባት ቤት እንቆጥራለን፤ አንድም ዝምድና እንዳይኖር፣ አንድም በዚያውም ነውር ካለ እንዲወጣ። አፈር የለበሰው ሁሉ ስሙ እየተነሣ ሲመሰገንና ሲታማ ይውላል። ሊያገባ የመጣው ሰውዬ ራሱ ግን ውጭ ቆሞ ኮፍያውን ያሻሻል፤ እሱን የሚጠይቀው የለም።

ዓምና በጥር የኔን የልጅ ልጅ ትርንጎን የጠየቀው የሞጣ ሰው ነው፣ ጌትነት ይባላል። ትርንጎን እናቷ ከሞተችብኝ ጀምሮ ያሳደግኋት እኔ ነኝ። ቢቸና ዋናው መንገድ ዳር የስፌት መኪናዋን አስቀምጣ ልብስ ትሰፋለች፤ እጇ የተባረከ ነው፣ አፏ ግን ትንሽ ይቀድማታል። ጌትነት ደግሞ ሞጣ ውስጥ ጎሚስታ አለው፤ የመኪና ጎማ ይጠግናል። አንድ ቀን ለሥራ ቢቸና መጥቶ ሳለ ሱሪው ብረት ያዘውና ተተረተረ፤ ሊያሰፋ ገባ። ሰፋችለት። ከዚያ ወዲህ የዚያ ሰው ሱሪ በየሳምንቱ ይቀደድ ጀመር። ሞጣ ልብስ ሰፊ የሌለ ይመስል፣ መንገድ ላይ ባለችው ደብረ ወርቅ አንድም መርፌ የሌለ ይመስል፣ ያን ሁሉ መንገድ ሱሪውን ይዞ ይመጣል።

እኔ መጠርጠር የጀመርሁት ያኔ ነው።

ሽማግሌ ላከ። ደንቡን አላጓደለም፤ ደህና ደህና ሰዎች ናቸው የላከው። እኛ ዘንድ ነገሩን የያዘው የሟቹ ባሌ ወንድም፣ አያ አንለይ ነው። አያ አንለይን የማያውቅ የቢቸና ሰው የለም። በዚህ አካባቢ የመሬት ክርክር ተነሥቶ ምስክር ሲሰማ እሱ ከሌለበት እንዳልተሰማ ነው። የራሱ ዘዴ አለው። ምስክሩን ከሌሎቹ ለይቶ ለብቻው ያስቀምጠዋል፤ ከዚያ ቀስ ብሎ፣ ወሬ እንደሚያወራ ሰው፣ «እንዴት ነው፣ ያቺ መሬት በምሥራቅ ማን ያዋስናታል?» ይላል። «በምዕራብስ? በሰሜንስ? በደቡብስ?» ያኛውንም ጠርቶ እንዲሁ ይጠይቀዋል። አራቱ ማዕዘን ከተገጣጠመ ምስክሩ እውነተኛ ነው። አንዷን ማዕዘን የሳተ ሰው ግን ታቦት ቢሸከም አይታመንም። «ሰው ይዋሻል፣ መሬት ግን ካለችበት አትነቃነቅም» ይላል አያ አንለይ። በዚህች አነጋገሩ ስንቱ ቀማኛ ተረታ፣ ስንቱ ባለመሬት መሬቱን አገኘ።

እንግዲህ ሰባት ቤት ተቆጠረ፣ ነውር አልተገኘም። አንድ ቅድመ አያቱ ቁጡ ነበር አሉ፤ እሱም ቢሆን ለሀቅ ነው የሚቆጣው ተባለ። ታለፈ። የቀረው አንድ ነገር ነው። ይህ ሰው ሞጣ ላይ ጎሚስታውን ሳይከፍት በፊት ብዙ ዓመት ዐረብ አገር፣ በረሃ ውስጥ ከርሟል። ምን ሲሠራ? ከማን ጋር? አያ አንለይ አስጠራውና ሁላችን ባለንበት ጠየቀው።

«አሸዋ እጠርግ ነበር አባባ» አለ።

«አሸዋ? ከየት?»

«ከመንገድ ላይ፣ በዶዘር። አስፋልት አለ፣ አሸዋው እየመጣ ይቀብረዋል። እኛ እንጠርጋለን።»

«ያን ሁሉ ዓመት? አያልቅም እንዴ?»

«አያልቅም። የጠረግነው ይመለሳል።»

ሽማግሌዎቹ ተያዩ። እኔም አየኋቸው። ቤቴን ስጠርግ ኖሬአለሁ፣ እውነት ነው አቧራ ይመለሳል፤ ግን አቧራ ለመጥረግ ባሕር የተሻገረ ሰው ሰምቼ አላውቅም። ሰው የሚደብቀው ሥራ ሲኖረው ነው እንዲህ ያለ ሥራ የሚያወራው። ታስሮ ይሆን? ሚስት አግብቶ፣ ልጅ ወልዶ፣ ጥሎ መጥቶ ይሆን? አንገቱን አየሁ፤ ማተቡ አለ። ግን አዲስ ነው። አዲስ ማተብ ደግሞ የድሮው የት ሄደ ያሰኛል። ይኸውላችሁ፣ አንዴ መጠርጠር ከጀመራችሁ ማተብም አያስተርፍም።

አያ አንለይ እንደ ልማዱ ነገሩን በዘዴ ያዘው። ቢቸና ውስጥ የሞባይል ሱቅ ያለው ይበልጣል የሚባል ሰው አለ፤ እሱም በረሃ ከርሞ የተመለሰ ነው። ሲጠያየቁ ያው ሰፈር ሆኖ ተገኘ፤ ያው ኩባንያ፣ ያው መንገድ። ልዩነቱ ይበልጣል ቀድሞ ሄዶ ቀድሞ ተመለሰ፣ እሱ ከተመለሰ ጥቂት ዓመት ቆይቶ ጌትነት ደረሰ። አያ አንለይ እጁን አሻሸ። ሁለት ምስክር፣ አንድ መሬት። ከዚህ በላይ ምን ይፈልጋል?

ይበልጣልን ለብቻው አስቀመጠው። «ሰፈራችሁ በፀሐይ መውጫ ምን ያዋስነዋል?»

«የውሃ ጉድጓድ።»

«በመጥለቂያውስ?»

«የአሸዋ ተራራ ነዋ! ትልቅ ተራራ። ከሰዓት በኋላ ጥላው ሥር ነበር የምንቀመጥ።»

ጌትነትን ከሞጣ አስጠሩት። በመውጫው በኩል ጉድጓድ አለ። ደህና። በመጥለቂያውስ?

«የድንጋይ ቤት። የድሮ ሰዎች ትተውት የሄዱት፣ ጣራ የሌለው ቤት ነው። ከሰዓት በኋላ ከግድግዳው ሥር እንጠለል ነበር።»

«ተራራስ የለም?»

«ተራራማ አለ፤ ከቤቱ አልፎ፣ ወደ ደቡብ ራቅ ብሎ።»

ይበልጣል መጋረጃ ጀርባ ሆኖ ይሰማ ኖሯል፣ አላስቻለውም፣ ወጣ። «ምን ቤት ነው የምታወራው ወንድሜ? እዚያ ቦታ ላይ ተራራ ነው ያለው! እኔ ቤት የሚባል ነገር በዐይኔ አላየሁም!»

ጌትነት ትንሽ አሰበና፣ ረጋ ብሎ ምን ቢል ጥሩ ነው? «እንግዲያማ ተራራው ሄዷል ማለት ነው።»

ከዚያ ሁሉም ባንዴ መናገር ጀመረ። «ሄደ? በእግሩ?» ይላል አንዱ። «ስንቅ ይዞ ነው ባዶውን?» ይላል ሌላው። «ተራራው ሚስት ሊያገባ ሄዶ እንዳይሆን» አለ አንድ ነገረኛ። የሞጣ ሽማግሌዎች አቀረቀሩ። እኔ ደግሞ እንዲህ እላለሁ በሆዴ፦ እኛ ሰዎች «ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል» ሲባል ከልጅነታችን ጀምሮ አንድም ቀን «እንዴት ሆኖ?» ብለን ጠይቀን አናውቅም። እንቁላል ሲሄድ አምነናል። ተራራ ሲሄድ ግን አንገታችን ላይ ቆመ።

አያ አንለይ ፍርዱን ተናገረ። «ተራራን የሚያህል ነገር የዋሸ፣ ሚስትን የምታህል ነገር አይዋሽም?» አለ። ማን ይመልስለት? እሺ ሳንል፣ እምቢ ሳንል፣ «እናስብበታለን» ብለን ሸኘናቸው። በኛ አገር «እናስብበታለን» ማለት ምን ማለት እንደሆነ ታውቃላችሁ። ለሞጣ ሰዎችም አልጠፋቸውም።

ትርንጎ አላለቀሰችም። ብታለቅስ ይሻለኝ ነበር፤ የሚያለቅስ ሰው ይወጣለታል። ዝም ብላ መኪናዋን ትነዳለች፣ ታካካካ፣ ታካካካ፣ የሰው ቀሚስ ትሰፋለች። ጾሙ ሊገባ ሳምንታት ቀርተውታል፤ ጾሙ ከገባ ሠርግ የለም፤ እስከ ፋሲካ ደግሞ የሞጣ ሰዎች ተቀይመው ሌላ ይፈልጉለታል። ይህን እኔም አውቃለሁ፣ እሷም ታውቃለች።

«ነይ እስቲ ልጄ፣ አንቺ ራስሽ ተራራ ይሄዳል ሲባል ታምኛለሽ?» አልኋት።

ቀና ብላ እንኳ አላየችኝም። «እምዬ፣ እኔ ተራራውን አይደለም የማገባው» አለች።

ምን አደረግሁ፣ ለዚያ ለሞጣው ሰው ሰው ላክሁበት። «አውድማዬ ገና አልተወቃም፤ ጉልበት ካለህ ለደቦው ድረስልኝ» አልሁት። የባልቴት አውድማ መቼም ተራው መጨረሻ ነው የሚደርሰው፤ የሰው ሁሉ ገብቶ የኔ ጤፍ ሜዳ ላይ ነበር። እውነቱን ልንገራችሁ፣ ጉልበቱን ፈልጌ አይደለም። ሰው አፉ ሲዘጋጅ ይዋሻል፣ እጁ ሥራ ላይ ሲሆን ግን መዋሸት ይከብደዋል። እንደዚያ አድርጌ ላየው ነው። ደግሞም መጣ። መንሹን ከራሱ አገር ይዞ መጣ፤ ይህንንም ጠረጠርሁ፣ የኛ መንሽ ምን ሆኖ ነው?

በሬዎቹ ረገጡ፣ ጭዱ በመንሽ ተነሣ፣ ጌትነትም ከሰዉ መሃል ገብቶ እንደማንም ሠራ። ቀትር ሲሆን ነፋሱ መጣ፤ እንግዲህ ምርቱን በላይዳ ወደ ላይ እየበተኑ ለነፋስ የሚሰጡበት ሰዓት ነው። አያ አንለይ እንደ ሁልጊዜው ጥላ ሥር ተቀምጦ ያዛል። እኔ ከጌትነት ጎን ቆሜ እህሉን እመለከታለሁ። እሱ ላይዳውን አቁሞ ጠየቀኝ።

«እማማ፣ ከዚህ ሁሉ ነፋስ የሚወስደው የቱን ነው?»

«እብቁን ነዋ፣ ምን ትጠይቀኛለህ?»

«ጠጠሩንስ?»

«ጠጠር ወዴት ይሄዳል!»

«ጤፉስ?»

ጤፉ ... ጤፉ አይበርም፣ ግን ደግሞ አይቆምም። ነፋሱ ሲበረታ መሬት መሬቱን እየዘለለ ፈቀቅ ይላል፤ ስንቴ በሰፌድ ስሰበስበው የኖርሁት ነው። ይህንኑ ነገርሁት።

«በቃ፣ በረሃውን እርስዎ ነገሩኝ» አለ። «እዚያም ያው ነው። ዱቄት የመሰለው አፈር ይበርና አገር ለቆ ይጠፋል። ድንጋዩ እዚያው ይቀራል። አሸዋው ግን እንደ ጤፉ ነው፤ እንደ ፌንጣ ይዘላል። ዘሎ ሲወድቅ ሌላውን ይመታዋል፣ ያም ይዘላል። ቀኑን ሙሉ እንዲህ ሲዘል ይውላል።»

«መዝለሉንስ ይዝለል፤ ተራራ የሚሆነው ምን ሲሆን ነው?»

አጎንብሶ አንድ ድንጋይ አነሣ፣ ከአውድማው ዳር እብቁና ውዳቂው ጤፍ በሚነፍስበት በኩል አኖረው። «ነፋስ እንደ ተሸካሚ ነው እማማ። የሚያስጠልለው ነገር ካገኘ ሸክሙን ያወርዳል። ከድንጋዩ ጀርባ ይዩ።»

አየሁ። እውነትም ከድንጋዩ ጀርባ እብቁ ከጤፉ ጋር እየተጠራቀመ ጉብ አለ። ጉብታው ደግሞ ራሱ እንደ ድንጋይ ሆኖ ሌላውን ያስቆማል፤ ያስቆመው ይጨመርና የባሰ ያድጋል። ዘመድ ዘመዱን እንደሚስብ መሥሪያ ቤት በሉት። ቁመት ጨመረ። ነፋሱ በሚመጣበት በኩል ለጥ ያለ፣ ለኔ ለአሮጊቷ እንኳ የማይከብድ ዳገት ሆነ፤ በወዲያኛው በኩል ግን ቁልቁል፣ ገደል። ሽቅብ እየዘለለ የወጣው ሁሉ ጫፉ ላይ ይጠራቀማል፣ ሲበዛ ሸርተት ብሎ በገደሉ በኩል ይወርዳል። እንግዲህ ልብ በሉ፦ ከኋላው ይነሣል፣ ከፊቱ ይወድቃል። ከኋላው ይነሣል፣ ከፊቱ ይወድቃል። የገፋው የለም፣ የጎተተው የለም።

«ዳርና ዳሩ ዝቅ ያለ ስለሆነ ቶሎ ይሄዳል፣ ከመሃሉ ይቀድማል» አለኝ፤ «ከላይ ሆነው ሲያዩት ልክ ማጭድ ነው። አጠገቡ ቢቆሙ ሲሄድ አይታይዎትም። ዓመት ቆይተው ቢመለሱ ግን የተዉበት አያገኙትም። ቤት ካገኘ ይወጣበታል፣ ይቀብረዋል፣ ቀብሮትም ይኖራል። ከዚያ ያልፍና ቤቱ በኋላው ይወጣል። ይበልጣል በነበረበት ጊዜ ቤቱ ከተራራው ሥር ነበር፤ እንዴት ያየዋል?»

ጥሩ ተናገረ። ጥሩ የሚናገር ሰው ደግሞ ... መቼም ታውቁኛላችሁ። አንዲት ስንጥር ፈለግሁና በገደሉ በኩል፣ ከጉብታው ፊት፣ እግሩ ሥር ተከልኋት። «ሂድ አንተ ወደ ሥራህ፣ ወዲህ እንዳትመጣ» አልሁት። እፍ እንዳይል፣ በእግሩ ገፋ እንዳያደርግ፣ እኔው ራሴ ዘብ ቆምሁ። ምሳ ሲመጣ ሰሃኔን ይዤ እዚያው ተቀመጥሁ። «ምነው እማማ፣ ጤፍ የሚሰርቅ አይጥ አለ እንዴ?» ይላሉ የደቦው ጎረምሶች። ይበሉ። ምሳው ሲያልቅ ስንጥሯ ግማሽ ሆነች። ጠላ ሲዞር ጠፋች። ጥላ ዘንበል ሲል፣ በማርያም እምላለሁ፣ በኋላው በኩል፣ በለጥ ያለው ዳገት በኩል፣ ጫፏ ብቅ አለ። ስንጥሯ ከተከልኋት ንቅንቅ አላለችም። ጉብታው ነው ዘሏት የሄደው።

ሰዉን ጠራሁ። ሁሉም መጥቶ ከበበ፤ አያ አንለይም በትሩን ተደግፎ መጣና አየ፣ ጎንበስ ብሎም አየ። ከዚያ ቀና አለና፣ «ገለባ ነው!» አለ። «ገለባና መሬት አንድ ነው? ገለባማ እኔ ባስነጥስ ይሄዳል። መሬት መሬት ነው፤ ካለበት አይነቃነቅም! መሬት የሚሄድ ከሆነ ወሰን የሚባል ለምን ተፈጠረ? ልጅ እየሰጠን እኮ ነው ጎበዝ፣ ጭድ እየሸጥን አይደለም!»

ሰዉ ራሱን ነቀነቀ። የአያ አንለይ ድምፅ እንዲያ ነው፤ ባታምኑት እንኳ ራሳችሁ ይነቀነቃል። ጌትነት ላይዳውን አስቀምጦ እጁን አጣጠፈ። አለቀ አልሁ። ያኔ ትርንጎ የጠላውን ማድጋ አዝላ መጥታ ነበር፤ አወረደችና ነጠላዋን አጣፍታ ከፊቱ ቆመች።

«አባባ፣ አንድ ነገር ልጠይቅዎ?» አለች በትሕትና። ትርንጎ በትሕትና ስትናገር እኔ ነኝ የምፈራ።

«ጠይቂ ልጄ።»

«ያቺ በእምዬ ማሳ ዳር ያለችው ግራር አለች አይደል? እኔ ልጅ ሆኜ ጥላዋ ሥር ስጫወት በኛ ማሳ ውስጥ ነበረች። ቆየት ብሎ ወሰኑ ላይ ሆነች። ዘንድሮ ደግሞ ከርስዎ ጤፍ መሃል ነው የቆመችው። መሬት የማይሄድ ከሆነ፣ ዛፏ ናት እንዴ የሄደችው?»

በሬዎቹ እንኳ ማመስኳት ያቆሙ መሰለኝ። ይህን የማያውቅ ሰው እዚያ አውድማ ላይ አልነበረም፤ እኔም አላጣሁትም። ባሌ ከሞተ ወዲህ በየዓመቱ፣ እርሻ በመጣ ቁጥር፣ ከኔ ማሳ ወደሱ አንዲት ፈር ብቻ። ከወዲያ በኩል ተነሥታ ከወዲህ በኩል የምትወድቅ አንዲት ፈር። ማን ያየዋል? አጠገቡ ብትቆሙ አይታያችሁም። አንዷን ፈር ለሽምግልናው፣ አንዷን ለዝምድናው፣ አንዷን ለሟቹ ወንድሙ ነፍስ እያልሁ ዝም ብዬ ኖሬአለሁ። በረሃ መሬት ለመንዳት ነፋስ ይፈልጋል። በኛ አገር አንድ ጥማድ በሬ ይበቃል።

አያ አንለይ ፊቱ ቲማቲም ሆነ። በትሩን ከአንዱ እጁ ወደ ሌላው አዛወረ። ልጅቷን እንዳይቆጣት ነገሩ ይሰፋል፤ ዝም እንዳይል ዝምታውም ምስክር ነው። የመሬት ምስክር ሲያፋጥጥ የኖረ ሰው፣ ለራሱ ማዕዘን ጠፋው።

ይህን ጊዜ ያ የሞጣ ሰው ጉሮሮውን ጠራረገና፣ አክብሮቱን ሳይቀንስ፣ «አባባ ምን ያድርጉ፣ ያ ማሳ ከፍ ያለ ቦታ ላይ ነው ያለው፤ ነፋስ ሳይበዛበት አይቀርም» አለ።

እግዜር ያሳያችሁ። አንዱ ጎረምሳ ጠላው በአፍንጫው ወጣ። ሌላው ጭድ ውስጥ ፊቱን ቀበረ። አያ አንለይ ግን ብልህ ሰው ነው፤ ገመድ ሲጣልለት የሚያውቅ ሰው ነው። እንግዲህ አስቡት፦ መሬት አይሄድም ካለ የባልቴት ወሰን ገፍቷል። መሬት ይሄዳል ካለ ደግሞ ... ነፋስ ነው።

ጺሙን አሻሸ፤ ጉብታዋን እንደገና ጎንበስ ብሎ አየ፤ አሁን ረዘም አድርጎ አየ። «እውነትም» አለ። «ነፋስ ክፉ ነገር ነው። እኔ መቼም የማላየውን አላወራም፣ አሁን ግን በዐይኔ አየሁ። መሬት ይሄዳል። ይህ ልጅ አልዋሸም፤ ዘሩም ንጹሕ ነው፤ ከጾሙ በፊት ይሁን።»

በቃ፣ ሆነ። ሁለት ሽማግሌ ቀርቶ ሃያ ሽማግሌ ያላሳመነውን ሰው፣ አንዲት ግራር አሳመነችው።

እኔ ግን አንድ ጥያቄ ቀርቶኛል። ሰባት ቤት ቆጥረን፣ አራት ማዕዘን አዋስነን፣ ያን ዋናውን ነገር አንዳችን እንኳ አፍ አውጥተን እንዳልጠየቅነው ትዝ አለኝ። ጤፉ ተጭኖ ሊሄድ ሲል ጌትነትን ለብቻው ያዝሁት።

«አንተ፣ እዚያ በረሃ ሚስት አለችህ?» አልሁት።

ሳቀ። «እማማ፣ ዛሬ ያለበት ነገ በማይገኝ መሬት ላይ ማን ጎጆ ይወጣል?»

ጥሩ መልስ ነው። በጣም ጥሩ መልስ ነው። አለች ወይም የለችም ግን አላለኝም፤ አስተዋላችሁ?

ሠርጉ ከጾሙ በፊት ተደረገ። የሞጣ ሰዎች ቅያሜያቸውን ትተው ዘፍነው ሄዱ። ይበልጣል አሁን ሱቁ ውስጥ ተቀምጦ ስልክ ለሚገዛው ሁሉ የአሸዋ ተራራ እንዴት እንደሚሄድ ያስረዳል፤ «እኔ እዚያው ሆኜ ሲሄድ አይቻለሁ» ይላል። አያ አንለይ ጤንነቱ ደህና ነው፣ ሽምግልናውንም ይዟል፤ ማዕዘን መጠየቁን ግን ቀነስ አድርጓል። በክረምቱ እርሻ ነፋሱ ወደ ኋላ ነፈሰና ከወሰዳቸው ፈሮች ጥቂቶቹ ተመለሱልኝ። ሁሉም አይደሉም። ዛፏ ደግሞ ወሰኑ ላይ ቆማለች፣ የማንም ሳትሆን።

ትርንጎ ሞጣ ነች፤ ከጎሚስታው አጠገብ የስፌት መኪናዋን አስቀምጣለች፤ እሱ ጎማ ይጠግናል፣ እሷ ሱሪ ትጠግናለች፤ አሁን ደግሞ አርግዛለች። በመስቀል ሄጄ ከርሜ መጣሁ። አልጋ ሥር አየሁ፣ ሳጥን ከፈትሁ፣ ጎረቤቶቹን አንድ በአንድ አጫወትኋቸው፣ ስልኩ ሲጮኽ ማን እንደሆነ ጠየቅሁ። ቤቱ ንጹሕ ነው። ልጄ ወፍራለች። እንደ ልቧ ትስቃለች። እሱም «እማማ፣ ሌላ የሚከፈት ሳጥን አለ፣ ላምጣልዎ?» ብሎኛል፣ ያ ባለጌ።

ምንም አላገኘሁበትም። ለፋሲካ እንደገና እሄዳለሁ።